መቶ አሥራ ሰባተኛው ብልቃጥ

ክኒን ቆጣሪዋ ንቀቷን እንደ ሥራዋ በሥርዓት ነበር የምታከፋፍለው። አነስ ያለው ድርሻ «ረሳሁት» ለሚሉ በሽተኞች ነው፤ መርሳት የሰው ነውና ብዙም አትፈርድባቸውም። ጠቀም ያለው ደግሞ ብልቃጡን ከነክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ወትፈው «ድመቷ ደፋችው» ለሚሉት ነው። ትልቁን ድርሻ ግን ለማንም ሳታቃምስ ለአንድ ሰው ብቻ ታስቀምጥ ነበር። እሱም አለቃዋ ነው።

አለቃዋ የጤና ሳይኮሎጂ ምርምር ክፍሉ ኃላፊ ነው። ፊት ለፊት «ዶክተር» ትለዋለች፤ በሆዷ «ሊቁ» ትለዋለች። ሊቁ ሰዎች የታዘዘላቸውን መድኃኒት ለምን እንደማይውጡ ሲያጠና አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ አሥራ አራት ዓመታት አንድም በሽተኛ ቤት ገብቶ አያውቅም። የሚያዝኑለት ውሻ ይፈራል ይላሉ። ቆጣሪዋ ይህን ስትሰማ፣ ውሻ የሌላቸውን ቤቶች ዝርዝር ላቀርብለት እችላለሁ ብላ ነበር፤ ዝርዝሩን የጠየቃት የለም።

ስለ እሷ ስለራሷ ለማውራት ብዙ ወረቀት አይፈጅም። እናቷ የሞተችው እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። ጤና ጣቢያ ወለል በመወልወል ጀመረች፣ ካርድ ክፍል ገባች፣ ኋላ የምርምር ክፍሉ ማንበብና መቁጠር የሚችል፣ እግሩ የማይሰንፍ ሰው ሲፈልግ እሷን ሰጡት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው ደጅ እየገባች የሰው ክኒን ቆጠረች። ባል ነበራት፣ ሞተ። አንድ ልጅ ወልዳ ድራለች። የቀሯት ሥራዋና እህቷ ናቸው።

ሥራዋ ለሰሚው ቀላል ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው በየወሩ ሠላሳ ክኒን የያዘ ብልቃጥ ይሰጠዋል፤ በቀን አንድ ይውጣል። በሀያ ስምንተኛው ቀን፣ የዕለቱ ክኒን ከተዋጠ በኋላ፣ ቆጣሪዋ በሩን ታንኳኳለች። ሁለት ከቀረ ሰውየው ቃሉን ጠብቋል። አሥር ከቀረ፣ ስምንት ቀን ዋሽቷል። ነጭ የፕላስቲክ ሳህኗንና አጭር ማስመሪያዋን ከቦርሳዋ ታወጣለች፣ ክኒኑን ትዘረግፋለች፣ በማስመሪያው ጫፍ አምስት አምስት እያደረገች ትገፋለች፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ መልሳ ወደ ግራ። ከዚያ ቁጥሩን ቅጹ ላይ ትጽፋለች፣ ብልቃጡን ከነትራፊው ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከታ በወረቀት ፕላስተር ታሽገዋለች፣ በሽተኛው በእሽጉ ላይ ይፈርማል። ከረጢቱ ጥናቱ እስኪያልቅ መጋዘን ይቀመጣል።

ስትቆጥር አትናገርም። ስትጨርስ ግን ቀና ብላ ሰውየውን ታየዋለች፤ ከክኒኑ የመረረው ያ አስተያየት ነው። አንዲት የእህቷ ጎረቤት ከሁለቱ በላይ ሦስት ክኒን አስተርፋ በዚያ ዓይን ታይታ አልቅሳለች። ቆጣሪዋ አልተጸጸተችም። ለሦስት ክኒን ያለቀሰች በሚቀጥለው ወር አታስተርፍም አለች፤ እውነትም አላስተረፈችም።

አንድ ዓመት ሊቁ ለስብሰባ ባሕር ተሻግሮ ሄደና አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ነገሩ ግልጽ ሳይንስ ይባላል። ሠራተኛውን በሙሉ አዳራሽ ሰብስቦ፣ ሳይንስ መስኮቱን ለሕዝብ መክፈት አለበት እያለ ሁለት ሰዓት ተናገረ። የአዳራሹ መስኮት እጀታው ከተሰበረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሁሉም በላብ ተጠምቀው አጨበጨቡ። ካሁን በኋላ ጥናት ሲጀመር ምን እንደሚለካ አስቀድሞ ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ቀን ይመታበታል፣ ይቆለፋል። ጥናቱ ሲያልቅ ዳታው እንዳለ ለሕዝብ ይለጠፋል። ከዕቅዱ የተለወጠ ነገር ካለ ለምን እንደተለወጠ ይነገራል። እነዚህን ሦስቱን ላደረገ ሰው ጥናቱን የሚያሳትመው ጆርናል በጽሑፉ ራስጌ ላይ ለእያንዳንዳቸው ባለቀለም ምልክት ያደርግለታል።

ሊቁን የማረከው ምልክቱ ነው። ሌሎች ሰዎች ከዚህ በፊት ያገኙትን ምልክት ሳይቀር አሳትሞ በመስታወት አስገብቶ በቢሮው ግድግዳ ሰቀለ፤ ለራሱም ባዶ ክፈፍ ከጎኑ አዘጋጀ። ለቆጣሪዋ ግን ነገሩ ከእሱ ቀድሞ ገባት፤ ወደደችውም። ከመቁጠርህ በፊት ምን እንደምትቆጥር ተናገር፣ ከቆጠርክ በኋላ ሳህኑን አሳይ ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታደርገው የኖረችውን ነገር ሊቃውንቱ ገና አሁን ደረሱበት፤ ይሁን፣ መዘግየት ከመቅረት ይሻላል ብላ አለፈቻቸው።

አዲሱ ጥናት የስልክ መልእክት ጉዳይ ነበር። ሁለት መቶ አርባ በሽተኛ ተመረጠ። ግማሹ ጠዋት ጠዋት መልእክት ይላክለታል፣ ግማሹ አይላክለትም፤ ሦስት ወር ክኒናቸው ይቆጠራል። መልእክቱን ሊቁ ራሱ ነው የደረሰው፤ ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል። «እንደምን አደሩ! ልብዎ ለእርስዎ ይመታል፤ እርስዎስ ዛሬ ለልብዎ ምን አደረጉለት?» ይላል። አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር ስልኩን ለቆጣሪዋ አሳይቶ፣ ይሄ ሰውዬ ከኔ ምን ፈልጎ ነው በየጠዋቱ የሚነዘንዘኝ ብሎ ጠየቃት። እሷም እኔንም ይነዘንዘኛል አለችው።

ዕቅዱን በክፍቱ መዝገብ ላይ የጻፈችው እሷ ነበረች። ቅጹ ረጅም ነው፤ ሊቁ ረጅም ነገር የሚወደው ራሱ ሲናገር ብቻ ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን ለእሷ ሰጥቶ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ አንድ በአንድ አጻፋት። ዋናው መለኪያ ምንድነው የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ «የክኒን ቆጠራ» አለ። «በሽተኛ በአፉ የሚለውን ማን ያምናል? ቆጠራ ነው ዋናው። ጻፊው፣ ቆልፊው። መቆለፉ ነው ውበቱ።» ጻፈች፣ ቆለፈች። በዚያች ቀን ብቻ ንቀቷን ትንሽ ቀነስ አድርጋለት ነበር።

ሦስቱ ወር አለፈና ውጤቱ ደረሰ። የስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ትንሽ ስብሰባ ላይ አነበበችው። ይህች ባለሙያ ዝምተኛ ናት፤ የእስክሪብቶ ክዳን ታኝካለች፣ ከኮምፒውተሯ ቀና አትልም። ቆጣሪዋ እሷንም፣ ሰው ሳታይ ሰው የምታሰላ እያለች ትንቃት ነበር። ባለሙያዋ ክዳኑን ከአፏ አውጥታ፣ መልእክት የተላከላቸውና ያልተላከላቸው ያስተረፉት ክኒን እኩል ነው አለች። እኩል ማለት እኩል ነው፤ የግማሽ ክኒን ልዩነት እንኳ የለም።

ሊቁ ወዲያው መጠይቁስ አለ። መጠይቁ ለበሽተኞቹ ጤና ጣቢያ የተሰጠ ወረቀት ነው፤ «ክኒንዎን በየቀኑ ይውጣሉ?» የሚል ጥያቄ አለበት። እዚያ ላይ መልእክት የተላከላቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ «ሁልጊዜ» ብለዋል። ለሦስት ወር በየጠዋቱ ስለ ልብህ የሚጠይቅህ ሰው በመጨረሻ ክኒን ትውጣለህ ወይ ቢልህ ምን ልትለው ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። ሊቁ ግን ወተቱን ጠጣው፤ ፊቱ በራ። የጽሑፉ ዋና ውጤት መጠይቁ ይሁን አለ። ከጤና ቢሮም የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ፤ መልእክቱ ሠራ ከተባለ የቤት ለቤት ቆጠራው በየቦታው ቀርቶ ሁሉም በሽተኛ በስልክ ይነዘነዛል። ሙሉ ብልቃጥ መሳቢያ ውስጥ ሸሽጎ «ሁልጊዜ» የሚለውን ሰው በር ከዚያ ወዲያ የሚያንኳኳ አይኖርም።

በማግስቱ ቆጣሪዋን ቢሮው አስጠራት። እህታችን ብሎ ጀመረ፤ እህታችን ካለ ነገር አለ ማለት ነው።

«ያን ዕቅድ ትንሽ ልናስተካክለው እንችል ይሆን?»

«አይቻልም ዶክተር። ተቆልፏል። መቆለፉ ነው ውበቱ ብለውኛል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ቆጣሪዋ ከቢሮው ስትወጣ ይህን ተረት በልቧ እያጣጣመች ነበር። ሊቁ ግን ሰነፍ እንጂ ሞኝ አይደለም። ሕጉ ዕቅድ ይለወጣል፣ ምክንያቱ ይነገራል ይላል። ምክንያት ፈለገ፤ አገኘም። የክኒን ቆጠራው በቆጣሪ ስሕተት ምክንያት አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም የሚል ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ለዚህ ማስረጃ እንዲሆን፣ በሦስተኛው ወር ታሽገው መጋዘን የተቀመጡት ሁለት መቶ አርባ ከረጢቶች ከሰኞ ጀምሮ በስታቲስቲክስ ባለሙያዋ እንደገና እንዲቆጠሩ አዘዘ። ስሕተት እንደሚገኝ ቅንጣት አልተጠራጠረም። ሰው ሁሉን በራሱ ልክ ነው የሚሰፍረው፤ ሳይታይ በትክክል የሚቆጥር ሰው አለ ብሎ ሊያስብ አልቻለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

ይህን ለቆጣሪዋ የነገራት በኮሪደር ሲያልፍ ነው፤ በግል አትውሰጂው አላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ ስሕተት የቆጠረችው እጇ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጣል ነው፣ በግል አትውሰጂው። ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቁጠሩ፣ ዓይናቸው እስኪፈስ ይቁጠሩ ብላ ትስቅባቸው ነበር። አልሳቀችም። ከሁለት መቶ አርባው ከረጢት አንዱ ትክክል እንዳልሆነ ታውቃለች።

እሱም መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር ነው፤ የእህቷ።

እህቷ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበረች፤ ጡረታ ወጥታም ዳይሬክተርነቷ አልወጣላትም። ቆጣሪዋ «እትዬ» ነው የምትላት። ለጥናቱ በዕጣ ስትመረጥ ቆጣሪዋ ሌላ ሰው ይላክ ማለት ነበረባት፤ ግን ያን ጊዜ በሌላ ጥናት ላይ የነበረው ሌላው ቆጣሪ ከደጅ ቆሞ «ስንት ቀረዎት?» ብሎ ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ነው። ለእህቷ እንዲህ ያለ ሥራ አልፈቀደችም፤ ዝም ብላ ራሷ ሄደች። እትዬ መልእክት ከሚላክላቸው ወገን ደርሷት ነበር። መልእክቱን በመነጽሯ አንብባ፣ ይህን የጻፈው ልጅ አንድ ክፍል መድገም ነበረበት አለች። ክኒኑንም ብዙ አልወደደችውም፤ ሲውጡት ያዞራል፣ ደግሞም ግፊት የሥራ ፈት በሽታ ነው ትል ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ደህና ነበረች። በሦስተኛው ወር ግን ብልቃጡ ገና ከመሳቢያው ሲወጣ ክብደቱ አስታወቀ። ቆጣሪዋ ዘረገፈችው። ወደ ቀኝ ሀያ ሁለት፣ ወደ ግራ ሀያ ሁለት። እንደ ልማዷ ቀና አለችና ያን ዓይኗን ልትጥል ስትል፣ እህቷን አየቻት። እትዬ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ተቆጣጣሪ እንደመጣበት አስተማሪ ተቀምጣለች። ያ ቆጣሪዋን በልጅነቷ ጸጉሯን ያበጠረላት፣ የፈተና ወረቀቷን የፈረመላት እጅ የዶሮ እግር አክሏል። ቆጣሪዋ አንገቷን ደፋችና ቅጹ ላይ ሁለት ብላ ጻፈች። ሀያ ሁለቱን ክኒን ከረጢት ውስጥ ከታ አሸገች። እትዬ በእሽጉ ላይ፣ በሠርተፊኬት ላይ በምትፈርመው በዚያ በትልቁ ፊርማዋ ፈረመች። ሁለቱም ምንም አላሉም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው፤ የሰው ልጅ በሦስት ክኒን ያስለቀሰችው ሴት ለእህቷ ሀያ ቆረሰችላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋዘን ገባች። ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው። መቶ አሥራ ሰባትን ከሳጥኑ አወጣች። ሀያ ክኒን ኪስ ውስጥ ምን ይከብዳል? ሰኞ ሁለት መቶ አርባውም ትክክል ይሆናል፣ ሊቁ አፉን ይይዛል፣ የበሽተኞቹ በር መንኳኳቱን ይቀጥላል፣ ስሟም ይነጻል። ጣቷን ከፕላስተሩ ሥር አስገባች። ፕላስተሩ ከተነሣ የእትዬ ፊርማ መሐል ለመሐል ይቀደዳል። ሌላ ፕላስተር ለጥፋ ፊርማውን አስመስላ ብትጽፍስ? ልጅ ሳለች አስመስላ ፈርማ ታውቃለች፤ በጥፊ ተመትታበታለች። ቆማ አሰበች። ሙሉ ብልቃጥ ሸሽጎ ድመቷ ደፋችው ከሚለው ሰው አሁን በምን ተለየች? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእሷ ነው። የሰው ቤት ስትዞር የኖረችበት ንቀት ሁሉ ተሰብስቦ አናቷ ላይ ሲወርድ ተሰማት፤ ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

ከተቀመጠችበት አሰበች። የጣት መሳት ነው፣ ሀያ ሁለት ልጽፍ ስል ሁለት ጻፍኩ ብትልስ? ማንም ያምናታል። ግን ሊቁ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የጣት መሳት በየትኛውም ቅጽ ላይ ሊገባ ይችላል፤ አንድ ከሳተች ሌላውንም ስታለች ይባላል። ውሸት ግን ያለ ምክንያት አይዋሽም፤ የገባበት በር አንድ ብቻ ነው፣ በሩንም ታውቀዋለች።

ከረጢቱን እንደታሸገ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ የይለፍ ቃሉ አሁንም እሷ ዘንድ ነው። በዚያው በክፍቱ መዝገብ፣ በዚያው ጥናት ሥር፣ ሰኞ የሚጀመረው ዳግም ቆጠራ ምን እንደሚያገኝ አስቀድማ ጻፈች። «ከሁለት መቶ አርባው ከረጢት የማይስማማ አንድ ብቻ ይገኛል። ቁጥሩ መቶ አሥራ ሰባት ነው። ቅጹ ሁለት ይላል፤ ውስጡ ሀያ ሁለት ነው። የጣት መሳት አይደለም፤ አይቼ ነው የዋሸሁት። ጥፋቱ የቆጣሪዋ ነው እንጂ የታካሚው አይደለም። ሌላ የዋሸሁበት የለም፤ ካለ የቆጠርኩት ሁሉ ይጣል።» ቀን መታችበት። ቆለፈችው። ወረቀት የያዘውን እንደማይለቅ ታውቃለች፤ አሁን የያዘው እሷን ነው።

ዳግም ቆጠራው አራት ቀን ወሰደ። የስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ሁለት መቶ አርባውን ከረጢት በሁለት ምስክሮች ፊት እየከፈተች፣ ከቆጣሪዋ በተዋሰችው ነጭ ሳህን ላይ፣ አምስት አምስት እያደረገች ገፋች። ሐሙስ ሊቁ ሰበሰባቸው። ባለሙያዋ የእስክሪብቶ ክዳኗን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ከቅጹ ጋር አንድ ነው፣ አንዱ አይስማማም አለች። ሊቁ ለአንዱ ዘለለ። ይኸው፣ ስሕተት አለ ማለት ነው፣ ያልኩት ይሄን ነው አለ። ቁጥሩን ጠየቀ። መቶ አሥራ ሰባት አለችው፤ ሁለት ተብሎ ሀያ ሁለት።

«ግን ዶክተር» አለች ባለሙያዋ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ። «ይሄ እኮ ቅዳሜ በክፍቱ መዝገብ ላይ ተጽፏል። እኛ ሳንጀምር። አንድ ብቻ ይገኛል ብላለች፣ ቁጥሩንም ብላለች። ከዚህ በኋላ ቆጠራው አያስተማምንም ብዬ ስሜን አላስገባም።»

ከዚያም አነበበችው። ዓለም ሁሉ ሊያየው በሚችል ቦታ አምስት ቀን ተጽፎ የከረመውን ነገር፣ ግልጽነትን የሚሰብከው ሰው ገና አሁን መስማቱ ነበር። ፊቱ ቀላ፣ ጠቆረ። ወደ ቆጣሪዋ ዞሮ ይህ ታካሚ ማነው፣ ለምን እሱ ላይ ዋሸሽ አላት።

«የታካሚ ምስጢር ነው ዶክተር» አለች። «እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስፈረሙኝ።»

ቅጣቱ አልቀረም፣ መቅረትም አልነበረበትም፤ ዋሽታለችና። ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ከቆጠራ ተነሥታ ወደ ካርድ ክፍል ተመለሰች። ጽሑፉ ግን እንደ ዕቅዱ ወጣ፤ ዋናው መለኪያ ቆጠራው ሆኖ፣ መልእክቱ አንዲት ክኒን እንዳላስዋጠ ተገለጸ። የቤት ለቤቱ ሥራ ሳይነካ ቀረ፤ እሷ ያሠለጠነቻት ሴት በቦታዋ ተተካች። ጆርናሉ ሦስቱንም ምልክት ሰጠ፤ ባዶው ክፈፍ ሞላ። ከሁሉ የሚያስቀው፣ ሊቁ ቀጥሎ በተጋበዘበት ስብሰባ ላይ ያን የቅዳሜውን ጽሑፍ በግድግዳ ላይ አብርቶ «በእኛ ክፍል የዳበረው የሐቀኝነት ባህል» ብሎ አስተማረበት። ተሰብሳቢው ቆሞ አጨበጨበ አሉ። የጻፈችው ሴት በዚያች ሰዓት ምድር ቤት፣ በአቧራ መሐል፣ የጠፋ ካርድ ትፈልግ ነበር። ወሬውን ስትሰማ አንድ ጊዜ አስነጠሳት፤ መልሷ ያ ነው።

ደብዳቤው የደረሳት ቀን ግን መሳቅ አልቻለችም። ሳህኗንና ማስመሪያዋን በቦርሳዋ ይዛ በቀጥታ እህቷ ቤት ሄደች። ቀኑ ገና አልገፋም። እትዬ በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ በሥራ ሰዓት ምን ሆነሽ መጣሽ፣ አባረሩሽ እንዴ አለቻት። ቆጣሪዋ ሳትቀመጥ ሁሉን ነገረቻት፤ ሁለት ብላ መጻፏን፣ መጋዘኑን፣ መዝገቡን፣ ካርድ ክፍሉን። ስምሽን አላነሣሁም አለች በመጨረሻ፤ የሚያውቁን ሰዎች ግን ሊጠረጥሩ ይችላሉ።

እትዬ እስክትጨርስ ሰማቻት። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«አይቼሻለሁ» አለች። «ሁለት ብለሽ ስትጽፊ አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልሽ? አንቺ ለማንም አታዝኚም። ያቺን ጎረቤቴን በሦስት ክኒን ስታስለቅሻት እዚሁ መጥታ ነው እንባዋን የጠረገችው። እኔን ስትምሪኝ ጊዜ፣ በቃ አለቀልኝ አልኩ። ሐኪሞቹ የነገሯት ነገር አለ፣ ለሚሞት ሰው ካልሆነ ይህቺ ልጅ አንጀቷ አይራራም አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ቆጣሪዋ ያቺን አንዲት ምሕረቷን አሳምራ የሰጠቻት መስሏት ነበር። እህቷ ግን የተሰጣትን ወስዳ የሞት ማስታወቂያ አድርጋ አንብባዋለች። በዚህ ዓለም ላይ ሰውን እንዴት እንዲህ አድርጌ ኖርኩ ብላ አሰበች።

እትዬ ተነሥታ መሳቢያውን ከፈተች። አዲሱን ብልቃጥ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ ሌሊት ማግስት ጀምሮ አንድ ቀን አልዘለልኩም አለች፤ ቢያዞረኝም ተደግፌ እውጣለሁ። ይሄ ከተሰጠኝ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው፣ የዛሬውንም ውጫለሁ።

ቆጣሪዋ ሳህኗን አወጣች። አሥራ አንድ መቅረት አለበት። ዘረገፈችው፤ አምስት፣ አምስት፣ አንድ። መልሳ ወደ ግራ ገፋች። አሥራ አንድ። ሁለት ሳምንት የተደከመበት መልእክት ያላስዋጠውን ክኒን ያስዋጠው የእሷ ውሸት ነው፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልታቀደም። እጇ ለሦስተኛ ጊዜ ማስመሪያውን አነሣ።

«አላመንሽኝም» አለች እትዬ።

«አላመንኩሽም። እኔ ስመጣ አይተሽ ትርፉን ደፍተሽው ይሆናል።» ቀና አለችና ያን የድሮ ዓይኗን እህቷ ላይ ጣለች።

እትዬ ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚያ ቆጠራ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወረደ፤ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ተመስገን» አለች። «እንግዲያው አልሞትም ማለት ነው።»

ቆጣሪዋ ክኒኖቹን ሰብስባ ከአንድ ጀምራ እንደገና መቁጠር ጀመረች።